ማነጻጸሪያው ጉድጓድ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ይረጋ» ነው የሚሉት። አንድ ባለሙያ ከጉድጓድ ውሃ ለመለካት ሲጣደፍ ካየ «ይረጋ! መጀመሪያ ውሃው ይረጋ!» እያለ ስለሚጮህ የወጣለት ስም ነው። ፊት ለፊት አይሉትም እንጂ ያውቀዋል፤ አውቆም አይከፋውም፤ እንዲያውም በሆዱ ይኮራበታል። የከርሰ ምድር ውሃ አጥኚ ነው። ሌሎቹ ባገኙት ቀን መለኪያቸውን ወደ ጉድጓድ ይሰዳሉ። እሱ ግን በአካባቢው ያለ ፓምፕ ሁሉ ጠፍቶ፣ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ተነስቶ ቦታውን እስኪይዝ ይጠብቃል። የተማረው እንደዚያ ነው፤ ያስተማሩትም አልዋሹትም።

የዚያን ሰፈር የውሃ ካርታ የሠራው እሱ ነው። ሰፈሩ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ነው። ከላይ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ አለ፤ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ቀን ከሌት ውሃ ይስባሉ። ከታች የቆዳ ፋብሪካው የፍሳሽ ኩሬ አለ፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን ሳይዝ አያልፍም። በሁለቱ መሀል የታላቅ እህቱ ቤት ያለበት መንደር ነው። ይረጋ ያኔ የለስላሳ ፋብሪካው ለዓመታዊ ጥገና እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀ፤ ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ ፓምፖቹ ጥቂት ቀን ተጨማሪ እንዲያርፉለት አደረገ። ከዚያ በየጉድጓዱ እየዞረ ለካ። የውሃው ከፍታ ከላይ ወደ ታች ይቀንሳል። ካርታው ላይ ቀስቶቹን ሁሉ ወደ ኩሬው አዙሮ ሣለ፤ አለቆቹም እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሥራ አላየንም ብለው አጨበጨቡለት።

እህቱ በዚያው ሰሞን ነበር ያማከረችው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ አዝላም፣ ቀጥታም፣ አስተምራም ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት።

«ጉድጓድ ላስቆፍር ወይስ የከተማው ቧንቧ እስኪመጣ ልጠብቅ?» አለችው።

«እትዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? ዝም ብለሽ አስቆፍሪ። አንቺ ከላይ፣ ኩሬው ከታች። የእሱ ቆሻሻ በየት በኩል ዞሮ ያገኝሻል?»

አስቆፈረች። ለራሷ ብቻም አላለችም፤ ከግቢዋ በር አጠገብ ቧንቧ አስተክላ መንደሩ በነጻ እንዲቀዳ ፈቀደች። ሰው ሲያመሰግናት «ወንድሜ ያየው ውሃ እኮ ነው!» ትላለች። የዚያን ጊዜ ፊቷን ያየ ሰው የምትኮራው በጉድጓዱ ሳይሆን በወንድሟ እንደሆነ ያውቃል።

መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በየዓመቱ የሰፈሩን ውሃ ጥራት ይመረምራል። ለምርመራው ንጹሕ መሆኑ የታወቀ አንድ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ የሌሎቹ ውሃ ከእሱ ጋር ይተያያል። ይረጋ ማነጻጸሪያ አድርጎ የመረጠው የእህቱን ጉድጓድ ነው። ካርታው እንደሚለው ኩሬው በጭራሽ ሊደርስበት የማይችለው እሱ ነዋ! እናም ቆዳ ፋብሪካ ለቆዳ ማልፊያ የሚጠቀምበት ክሮም የሚባለው ንጥረ ነገር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲወጣ በሁሉም ጉድጓድ እኩል ወጣ፣ በንጹሑም ጭምር። «በንጹሑም ካለ ከአለቱ የመጣ የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ተብሎ የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ውሃው አፋችንን ኮምጠጥ ያደርገዋል፣ ልብስ ሲታጠብበት ያገትረዋል እያሉ ቢሮ ተመላለሱ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ሲበዛበት ይረጋን ጠርቶ «በል አንድ የማያዳግም ነገር አድርግና ገላግለን» አለው። የማያዳግመው ነገር ቀለም ነው። ከኩሬው ጎን ባለ ጉድጓድ ውስጥ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀለም ይጨመራል፤ ከዚያ ውሃው ይወጣል በተባለበት ሁሉ ከሰል የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ይንጠለጠላሉ። ዓይን የማያየውን ጥቂት ቀለም ከሰሉ ይይዘዋል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ሲታጠብና በመሣሪያ ሲታይ ያበራል። ይረጋ ከረጢቶቹን ከኩሬው በታች ባለው ወንዝ ዳርና ዳር ደረደራቸው። አንዷን ደግሞ፣ ቀለም ያልነካው ከሰል ምን እንደሚመስል ለማሳየት፣ እህቱ ጉድጓድ ውስጥ አንጠለጠላት። ለማነጻጸሪያ።

ከሳምንታት በኋላ የላብራቶሪዋ ኃላፊ አስጠራችው። ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ኬሚስት ናት።

«የወንዙ ከረጢቶች ባዶ ናቸው» አለችው። «ያበራው ማነጻጸሪያው ነው።»

ይረጋ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ተሳስተሻል።»

«ደግሜ አየሁት።»

«እንግዲያው ቀለም በነካው እጅሽ ነክተሽዋል። ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው፤ አንቺን በመሰለች ሰው አያምርም!»

የላብራቶሪዋ ኃላፊ ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። «ቀለሙን በእጅህ የበጠበጥከው አንተ ነህ። እኔ ጠርሙሱን እንኳ አላየሁትም» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ይቅርታ አልጠየቃትም።

በማግስቱ መለኪያውን ይዞ እህቱ ቤት ሄደ። የሥራ ቀን ነበር፤ የለስላሳ ፋብሪካው ሲያጓራ ከግቢዋ ይሰማል። መለኪያው ጫፉ ውሃ ሲነካ ጲጵ የሚል ረጅም ሜትር ነው። የእህቱ ጉድጓድ ውሃ የቱ ጋ እንደሚገኝ በቃሉ ያውቀዋል። ሜትሩን ለቀቀው። የሚያውቀውን ቁጥር አለፈ፤ ድምፅ የለም። ለቀቀ፣ ለቀቀ፤ አሁንም የለም። ጲጵ ሲል ይረጋ ክው ብሎ ቀረ። ውሃው ከኩሬው ወለል በታች ወርዷል።

አንድ የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። ፋብሪካው በሥራ ላይ ሲሆን የምድሩን ውሃ ወደራሱ ይስበዋል፤ ስለዚህ ውሃው ከኩሬው ተነስቶ፣ በእህቱ ግቢ ሥር አልፎ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች የሚፈሰው ፓምፖቹ ሲያርፉ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ የለካው ያረፉበትን ጊዜ ነው። በዓመት ውስጥ እነዚያ ጥቂት ቀናት ብቻ ካርታው ትክክል ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉ ቀስቶቹ የተገለበጡ ናቸው።

እህቱ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ አብጧል፤ ኩላሊቷን ካመማት ቆይቷል። በእጇ ትልቅ ኩባያ ውሃ ይዛለች።

«ምነው ፊትህ ገረጣ? ደህና አይደለም እንዴ ውሃዬ?»

«ደህና ነው እትዬ። ምንም አይደለም።»

«እንኳን!» አለችና ኩባያውን ጨለጠችው። «ሐኪሙ ጠጪ ጠጪ ብሎ ሆዴን በርሜል አደረገው።»

ይህን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። አፉም ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን አንድ ነጠላ ውጤት ውጤት አይደለም፣ መረጋገጥ አለበት፣ ሳይረጋ አይነገርም ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያጣም፤ የተማረ ሰው ሲፈራ ደግሞ ምክንያቱ ዘዴ የሚል ስም አለው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ እጁን በአፉ ጫነ፤ ወዲያው ግን ወደ ራሱ ተመለሰ። «ወንድሜ፣ ይሄ ከወጣ ስንት ዓመት የፈረምንበት ነገር ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እርግጠኛ ነህ?»

«በሌላ ቀለም ልድገመው» አለ ይረጋ። «በቀይ። ያኔ የላብራቶሪ ስህተት ነው የሚል አይኖርም።»

«ጎሽ! እስከዚያው ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ኃላፊው ባይለውም ትንፍሽ አይልም ነበር። ቀዩን ቀለም ጨመረ፤ አዲስ ከረጢት በእህቱ ጉድጓድ አንጠለጠለ፤ ጠበቀ። ሲጠብቅም እህቱን ሆስፒታል አመላለሳት። አንድ ቀን ሐኪሙ ወረቀቷን እያገላበጠ «ለመሆኑ ውሃ በደንብ ይጠጣሉ?» ሲል ጠየቃት። እሷም «ኧረ በደንብ! ውሃዬ ደግሞ እንደማንም ውሃ አይደለም፤ ይኸው ወንድሜ ምስክሬ ነው» ብላ ወደ እሱ ዞረች። ሐኪሙም ዞረ። ይረጋ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

ቀዩም አበራ። የላብራቶሪዋ ኃላፊ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነገሩን ጀመረው። ስለ ፓምፕ አወራ፣ ስለ ከፍታ አወራ፣ ስለ አለት ስንጥቅ አወራ፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ እየዘረጋ አስረዳት። እህቱ ጣልቃ ሳትገባ አዳመጠችው። ድሮ የትምህርት ቤት ጥናቱን በቃሉ ሲያነበንብላትም እንዲሁ ዝም ብላ ነበር የምታዳምጠው። ሲጨርስ ኩባያዋን አየች።

«የቆዳው ፍሳሽ ነው እንዴ ስጠጣ የኖርኩት?»

«ሁሉም አይደለም እትዬ። ጥቂት መጠን...»

«እሺ። ሰው ይሳሳታል። አንተም ሰው ነህ።» ድምፅዋ ለስላሳ ስለነበር ይረጋ እንባው መጣ፤ ይቅር የተባለ መሰለው። «መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው ከዚያ።

«ማረጋገጫው ዛሬ ነው የወጣው።»

«ማረጋገጫውን አልጠየቅኩህም። ያን ቀን፣ ሜትርህን ጉድጓዴ ውስጥ ሰደህ ፊትህ የገረጣ ቀን፣ ታውቅ ነበር?»

«እትዬ፣ አንድ ውጤት ብቻውን...»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ፣ አንተን ምስክር ስጠራህ፣ ታውቅ ነበር ወይ?»

ይረጋ ወለሉን አየ።

«አዎ» አለ።

ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። «አይ የእኔ ነገር!» ብቻ አለች፣ ለራሷ። ኩባያውን ወስዳ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ አጠበችው፤ የታጠበበት ውሃም ያው ውሃ መሆኑ ትዝ ሲላት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተንኳኳ። አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ሕፃን አዝላ ጀሪካን አንጠልጥላለች። «እንደምን ዋሉ እትዬ? ለዚህች ለጡጦዋ ትንሽ ልቅዳ ብዬ ነው።»

እህቱ ወንድሟን አየችው። ንገራት ማለቷ ነበር፤ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ይረጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፓምፑ ተበላሽቷል» አለ። «ነገ ይሠራል።»

«ውይ! እንግዲያው ነገ እመለሳለሁ ጋሼ» ብላ ጎረቤቷ ልትዞር ስትል እህቱ እጇን ያዘቻት።

«ፓምፑ ደህና ነው። ውሃው ነው የተመረዘ። የኩሬው ፍሳሽ ገብቶበታል፤ ድሮ ነው የገባው። ከዚህ በኋላ እንዳትቀጂ፤ የቀዳሽውንም ድፊው። ሕፃኗን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዪያት።»

ጎረቤቷ ጀሪካኑን እንደያዘች አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያዩት?» አለችው። መልስ አልጠበቀችም፤ ልጇን ወደ ደረቷ አዙራ እየሮጠች ወጣች። ጀሪካኑ በሩ ላይ ቀረ።

ይረጋ ተከትሏት ሊሄድ ተነሳ፤ ተመልሶም ቆመ። «እትዬ፣ አብሬሽ ልሁን። ሰው ሲመጣ እኔ አስረዳለሁ።»

እህቱ የበሩን ቧንቧ መቁለፊያ በሁለት እጇ ጠምዝዛ ዘጋችው፤ ከዚያ ወንበር አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንተማ ታስረዳቸዋለህ» አለችው። «እኔ ልንገራቸው። ሂድ፤ በሩንም ክፍት ተወው።»