መስታወቱ ላይ የቀረው ብርሃን

በእኛ ከተማ የሬሳ ሣጥን ክዳን መስታወት አለው። ሟች እስኪቀበር ድረስ ፊቱ ይታያል። ፎቶ አንሺ ይህን መስታወት ይፈራዋል። ፍላሹ ከካሜራው አናት ላይ ከበራ፣ ብርሃኑ መስታወቱን መትቶ ይመለስና ፊቱን ይበላዋል። ስለዚህ ፍላሹን ከካሜራው አርቄ በብረት ክንድ ላይ አስረዋለሁ፤ ብርሃኑ ከጎን እንዲወርድ።

ሜዲንግ ልጇ የሞተችባት ጠዋት ሱቄ ድረስ የመጣችው ራሷ ናት። ልጅቷ ኒንፋ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ዲዮኒ በዕቃ መርከብ ላይ ሲቀጠር ገና በማኅፀን ነበረች። እሱ ውሉን እያደሰ ባሕር ላይ ቀረ። ፎቶዋን ላኪልኝ ብሎ በጻፈ ቁጥር ሜዲንግ፣ ጸጉሯ ይደግ፣ ጥርሷ ይብቀል፣ ለበዓል አዲስ ቀሚስ ትልበስ እያለች አቆየችው።

"ማንግ ቴሪዮ፣ ፊቷ ብቻ ይታይ" አለችኝ፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ በአክብሮት ማንግ ብላ። "አባቷ አንዴ እንኳ ይያት።"

ዝናቡ መንገዱን ከቆረጠው ወዲህ ፊልም አልመጣልኝም። ካሜራዬ ውስጥ ባለው ፊልም ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች። ለዚህ ትሁን አልኩ።

በቀብሩ ቀን ሄድኩ። ቤቱ ጠባብ ነው። ሜዲንግ፣ አሮጊቷ እናቷ ኡርባና እና ወንድሟ ኢስተሮ ከሣጥኑ ኋላ ቆሙ። ክንዱን በግራ ዘርግቼ ፍላሹን አጠበቅሁ፤ ገመዱን ከካሜራው ጋር አገናኘሁ። በካሜራው ሳይ መስታወቱ ንጹሕ ነው። ፊቷ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

"ቆይ!" አለች ኡርባና። "ሦስት ሆነን ልንነሳ ነው? መሃል የቆመው ሟቹን እንደሚከተል አታውቁም? መሃል ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ!"

"በሰማንያ ዓመትሽ ደግሞ ምን ያስፈራሻል፣ እማዬ?" አለ ኢስተሮ።

"እንግዲያው አንተ ናና መሃል ቁምበት!"

 ኢስተሮ ለለቅሶ መጥተው ውጭ ካርታ ወደሚጫወቱት ዞሮ ጮኸ። "ሲያኖ! ጨዋታውን ተወውና ና፣ አራተኛ ሁንልን!"

ጎረቤታቸው ሲያኖ ወፍራም ነው። መጥቶ በግራ በኩል ተገተረ። የፍላሹ ክንድ የሚዘረጋው እዚያ ነበር።

"ሲያኖ፣ ሆድህን ሰብስብልኝ" አልኩት።

"እሱን ልጅ ሳለሁ ነበር መንገር፣ ማንግ ቴሪዮ።"

ክንዱን ፈትቼ ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። የሚያስረው ብሎን ጥርሱ አርጅቷል፤ በግራ ይይዛል፣ ሲገለበጥ ይላላል። ከብስክሌት ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ ጠቅልዬ አሰርኩት። ነቀነቅሁት፤ ያዘ። ቄሱ በሩ ላይ ደርሰው ይጠብቃሉ።

ሜዲንግ ወደ ልጇ አጎነበሰች። እንባ መስታወቱ ላይ ከወደቀ ለሟች መንገዱ ይከብደዋል ይባላልና ኢስተሮ ትከሻዋን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት። ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጣቴ ሲወርድ ላስቲኩ ሲንሸራተት ሰማሁ። ፍላሹ አንገቱን መስታወቱ ላይ ደፋ፤ በራ።

ከቀብሩ በኋላ ፎቶው ሲታጠብ የሲያኖ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ቁልጭ ብሎ ወጣ። መስታወቱ ላይ ያለው ግን ክብ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው።

ሜዲንግ ትክ ብላ አየችው።

"አይስተካከልም?"

"አይስተካከልም።"

"እንግዲያው መቃብሩን ከፍተን..." አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ፎቶውን ይዛ ሄደች።

ዲዮኒ የመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ሱቄ ገባ፤ ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ። ፎቶውን ባንኮው ላይ አስቀመጠ።

"ራሷ በየት በኩል ነው?"

በጣቴ አሳየሁት።

"ጸጉሯ ጥቅልል ነበር?"

"ዞማ ነበር።"

"ሚስቴ ጥቅልል ነበር ትላለች። አማቴ ቁርጥ አንተን ትላለች። ኢስተሮ ማንንም አትመስልም ይላል። እርስዎስ?"

"ቅንድቧ ያንተ ነው" አልኩት። አይቼዋለሁ።

ቅንድቡን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ፎቶውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሰው ከመስታወት ላይ ነጸብራቅ እንዲሸሽለት እንደሚያደርገው፣ ወደ ግራ አዘነበለው፤ ወደ ቀኝ አዘነበለው፤ እንደገና ወደ ግራ።