እታለም ወደብ

ሊፍት ጠጋኙ ታናሽ እህቱን ወደዚያ በረዷማ ደሴት ያስገባት በገዛ እጁ ነው። እህቱ ፋርማሲስት ናት። ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ሁለት ወር ቤት ስትውል አንጀቱን በላችውና አሮጌ ኮምፒውተሩን አምጥቶ ሰጣት።

«ጌም ነው፤ ግን ስታጠፊው አይቆምም» አላት። «አንቺ ብትተኚም ደሴቱ ላይ ይበርዳል፣ ተኩላ ይዞራል፣ ሰው ቤትሽን ይዘርፋል። በሺህ የሚቆጠር ተጫዋች አለ፤ አንዱም አይታመንም።»

«አንተስ ወንድምጋሼ?»

«እኔማ ግንብ አለኝ።»

እውነቱን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ድንጋይ እየፈለጠ በደሴቱ ላይ ወደር የሌለው ግንብ ሠርቶ ነበር። በሩ እንደ ሊፍት ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ብቻ ግንቡ ውስጥ ከሱ በቀር የሚኖር ሰው አልነበረም።

እህቱ ግንቡ ውስጥ አልገባችም። አዲስ ተጫዋቾችና ሞተው የሚመለሱት ራቁታቸውን ከባሕር የሚወጡበት ዳርቻ ላይ ዳስ ቀለሰች። እዚያ አዲስ ሰው አሥር ደቂቃ አይቆይም ነበር፤ ወይ ብርዱ፣ ወይ ደግሞ ጭልፊቶች የሚባሉት ዘራፊዎች ለጨዋታ ያህል ይጨርሱታል። እሷ እሳት አነደደች፣ የሚወጣውን ሁሉ ቆዳ አለበሰች፣ ቁስል የሚያሽር ቅጠል ቀምማ ሰጠች።

«ሞኝ ነሽ። የሰጠሽውን ይዞ ይጠፋል» አላት።

«ይጥፋ። በሕይወት ከጠፋ ምን ቸገረኝ?»

አልጠፉም። አንዱ እንጨት ተሸክሞ ተመለሰ። አንድ ጡረተኛ መምህር መንገድ መጥረግ ጀመሩ። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ገበያ አቋቋመች። ቀጥሎ ሕግ ወጣ፦ ዳርቻው ላይ ካቆሙት የመብራት ማማ ወዲህ መግደል ክልክል ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች በሕልማቸውም ያላሰቡትን ሕግ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በድምፅ ብልጫ አጸደቁት፤ ጭልፊቶቹ እንኳ ማማው ጋ ሲደርሱ ቀስታቸውን ያወርዱ ጀመር። በአምስት ወር ያ የባሕር ዳር ጭቃ ከተማ ሆነ። ጠጋኙ በቻት ላይ እህቱን «እታለም» ሲላት አይተው ሁሉም እታለም አሏት፤ ከተማውንም እታለም ወደብ። የከተማውን ቅጥርና በር የሠራው ግን እሱ ነበር። በሩ የሚከፈትበትን ቁጥር የሚያውቁትም እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ የቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ሆኖ ገመድ ሲፈትሽ፣ ከበሩ ማዶ ሊፍት የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማ።

«እታለም ወደብ ገባሁ እኮ! ቅጥሩን ብታይው!»

«ማን ሠራው?»

«እሷው ናታ። ወንድም አላት አሉ፣ ድንጋይ የሚያቀብላት።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ሆዱ ውስጥ ፍም የገባ መሰለው። በሩን ከፍቶ «እኔ ነኝ!» ሊል ቃጣውና ግራሶ የለበሰ እጁን አይቶ አፈረ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ስለ ጌም ምን ብሎ ይጮሃል? ግን ፍሙ አልበረደም። እህቱን ባየ ቁጥር፣ ስልኳ ጢው ባለ ቁጥር፣ «ይቅርታ፣ እየጠሩኝ ነው» ባለችው ቁጥር ይጋጋም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ የበሩን ቁጥር ለጭልፊቶቹ አለቃ ጻፈለት።

ከግንቡ ጫፍ ሆኖ አየ። መጀመሪያ ገበያው ነደደ፤ ደስ አለው፣ መደበቅ አይቻልም፣ ደስ አለው። ኋላ ግን ጡረተኛው መምህር ባዶ እጃቸውን እህቱ ቅጠል የምትቀምምበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ሲቆሙ አየ። ገደሏቸው። ኮምፒውተሩን ዘጋው።

እሑድ ጠዋት አመድ ሊያይ ገባ። ያየው ሁለት መቶ ሰው ተሰልፎ ድንጋይ ሲቀባበል ነው። መምህሩ እንደገና ከባሕር ወጥተው፣ ራቁታቸውን፣ ሰልፉን ይመራሉ። የማማውን ሕግ የጣሰ አለቃ አንፈልግም ብለው የከዱ ሰባት ጭልፊቶችም ተሰልፈዋል። እህቱ የለችም፤ ስልኳን ዘግታ ተረኛ ስላደረች ወሬውን ገና አልሰማችም። ይሄ ከሁሉ የባሰ አንገበገበው። ከተማው ያለ እሷም ይሠራል፤ ያለ እሱም።

ሰኞ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ጠራችው። ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማለች።

«ቁጥሩን የምናውቀው ሁለት ነን» አለች። «እኔ አልሰጠሁም።»

የመፍቻ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን ወንድምጋሼ?»

«ድንጋይ የሚያቀብላት ወንድም አላት ይላሉ።»

«ለዚህ? ብትነግረኝ ስምህን በሩ ላይ አስጽፍልህ አልነበር?»

«እሱን ነው ያልፈለግሁት። አንቺ የምትሰጪኝን ስም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምፅዋ ግን አልለሰለሰም። «ሄደህ አንተው ንገራቸው። እኔ አልሸፍንህም።»

ነገራቸው። ቅጥሩንና በሩን የሠራው ማን እንደሆነ ሰዎቹ ያወቁት ያን ቀን ነው፤ ማን እንደከፈተውም ያን ቀን። መምህሩ «ሥራህ ግሩም ነበር ልጄ፤ ሳናመሰግንህ ቀረን» ብለው ጻፉና ሦስት ወር ከከተማው ይባረር ብለው ድምፅ ሰጡ። እህቱም አብራ ሰጠች።

እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ ምሳ መብላቱን ግን አልተወም። ስለ ከተማው ታወራለች፤ እሱ «ያንን ማን ሠራው?» ይላል፤ ስም ትጠራለች፤ እያንዳንዱ ስም እንደ እሾህ ይወጋዋል፤ እሱም ደግሞ ይጠይቃል። በሁለተኛው ወር ከሐይቁ ወደ ገበያው ቦይ ቆፍረው ውኃው መሐል መንገድ ላይ እንደቆመ ነገረችው። ምክንያቱ ወዲያው ገባው። ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ግን ትንፍሽ አላለም።

በር ላይ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «ቦዩ ተዳፋት አንሶታል» አላት። «የገበያውን ጫፍ ሁለት ድንጋይ ያህል ዝቅ ያድርጉት።»

«ማን አለ ልበላቸው?»

«እኔ ነኝ በያቸው» ሊል ቃጣው። «ውኃው ሲወርድ ካዩ በኋላ ንገሪያቸው» አላትና ደረጃውን ወረደ።