መኪናዋ ስትድን

ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊዋ ትዳራቸውን ያስረጁት እየተቃለዱ ነው። ሰው ፊት እሷ፣ «ሁለታችንም መቀስ ይዘን ነው የኖርነው። ጨርቁን ለሱ ሰጥቼው ቢሆን ግን ሰፈሩ በሙሉ ራቁቱን ይቀር ነበር» ትላለች። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም፤ ከምላሷ ጋር ገጥሞ ያሸነፈበትን ቀን አያስታውስም።

ጨዋታው የቀዘቀዘው ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው። ሕክምናው ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ በየወሩ በአሮጌ ነጭ መኪናቸው ይወስዳታል። መኪናዋ ደግሞ ሰሞኑን ዓመል አምጥታለች። ስትነሳ ከወለሉ ሥር «ቋ!» ትላለች፤ ትንሽ ስትፈጥን ወንበሩ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ጊዜ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሚስት የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ፣ «አንተዬ፣ በዚህች መኪና ሁለተኛ አልሄድም» አለችው። «አጥንቴን እየለቀመች ነው የምትነቀንቀው።»

እሱ ፍጥነቱን ቀነሰላት። በልቡም ነገሩን ቆረጠ፤ መኪናዋ መዳን አለባት።

ጎረቤታቸው ጋሽ ቀስ በል ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ «ቀስ በል» ብሏቸው የሚያውቅ ሰው ኖሮ ሳይሆን፣ ከዚያ በላይ ቀስ ማለት ስለማይቻል ነው። መኪናዋን አንድ ዙር ነድተው መጡና፣ «ክሮቸራው አልቋል» አሉ።

ባል ዓይኑን አፈጠጠ። አብረው ተንበረከኩ። ከማርሽ ሳጥኑ ተነስቶ ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ መስቀል የመሰለች መጋጠሚያ አለችው፤ ክሮቸራ የሚሏት እሷን ነው። ጋሽ ቀስ በል ዘንጉን ይዘው ሲወዘውዙት መጋጠሚያዋ ሊወልቅ እንደደረሰ የሕፃን ጥርስ ተነቃነቀች።

«ይህቺ ናት ሚስትህን የምታንገላታት።»

«ጋራዥ ልውሰዳታ፣ ጋሼ?»

«የጋራዡ ወረፋ መች ይደርስልሃል? ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«በሚመጣው ሳምንት።»

«እንግዲያው እዚሁ ግቢህ ውስጥ ይሠራል። እኔ ወገቤ አይታጠፍም፤ አንተ ትተኛለህ፣ እኔ እናገራለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጀመሩ። የፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወሸቁ፣ ኋላዋን በክሪክ አንስተው ከሥር የብረት ማቆሚያ አስገቡ። ሚስት ብርድ ልብስ ደርባ በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ባሌን ከሥር አስተኝተው መኪናዋን እንዳይለቁበት አደራ!» አለች። «ቢያረጅም ሌላ የለኝም።»

«አይዞሽ፣ የሱን መለዋወጫ ገበያ ላይ እንደማናገኝ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ቀስ በል።

ባል በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ዘንጉ ሲመለስ ያው ቦታው ላይ እንዲገጥም በነጭ ቀለም ምልክት አደረገበት። ብሎኖቹ ዝገው እምቢ አሉ። መፍቻው አንሸራቶት የእጁ አንጓ ተላጠ፤ ዝገት ዓይኑ ውስጥ ረገፈ። ከሥር ሆኖ የሚያየው የሚስቱን ጫማ ብቻ ነበር። ድሮ ጠበበኝ የምትለው ጫማ አሁን እግሯ ላይ ሰፍቷል። ዓይኑን ወደ ብሎኑ መለሰና ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ።

ዘንጉን አውጥተው፣ ከጋሽ ቀስ በል ቤት በመጣው የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳ ላይ አሰሩት። የመጋጠሚያዋን ማቀፊያ ቀለበቶች በፒንሳ አውልቀው በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉ፣ አራቱን ጫፎቿን የሸፈኑት ትናንሽ የብረት ቆቦች አንድ በአንድ ወጡ። ከውስጣቸው ግሪስ ሳይሆን ቀይ የዝገት ዱቄት ፈሰሰ።

«አሳየኝ እስቲ» አለች ሚስት። መጋጠሚያዋን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየቻት። «እንደኔው ናት። ቅባቷ አልቆ ብረት በብረት ስትፋጭ ከርማለች።»

ጋሽ ቀስ በል መዶሻውን የሚፈልጉ መሰሉ፤ መዶሻው እጃቸው ላይ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከገበያ የተገዛው አዲሱ ክሮቸራ ሲገጠም ነው። በያንዳንዱ ቆብ ውስጥ፣ ዙሪያውን፣ መርፌ የሚያህሉ ቀጫጭን ብረቶች በግሪስ ተይዘው ቆመዋል። ባል ቸኮለ። አንዱን ቆብ አስገብቶ ሲመታው ግማሽ ላይ ቆመ። ደግሞ መታው።

«ተው! አትምታው! አንዷ ውስጥ ተኝታለች ማለት ነው» ብለው ጮኹ ጋሽ ቀስ በል።

ቆቡን መልሶ ሲያወጣው መርፌዎቹ ጨርቁ ላይ ተበተኑ። ሊለቅማቸው ሞከረ። በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያሳልፍ ስቶ የማያውቅ እጁ ያን ቀን መርፌ ማቆም አቃተው። አንዷን ሲያቆም ሁለቱ ይወድቃሉ። በመጨረሻ ጨርቁን ወርውሮ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አምጣው ወዲህ» አለች ሚስቱ። «መርፌ የማን ሥራ ሆነና ነው?»

ጭኗ ላይ ጨርቅ አነጠፈችና ቆቡን በግሪስ ቀባችው። መርፌዎቹን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ እያነሳች፣ ልክ ቁልፍ እንደምትተክል ሁሉ፣ አንዷን ካንዷ አስጠግታ አቆመቻቸው። መጨረሻ ላይ አንዷ ጎደለች፤ ተፈልጋ ተፈልጋ የባል ሸሚዝ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊቷ አልተጨማደደም። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ የምትናገረው ነገር ያላት መሰለው። ግን መልሳ አቀረቀረችና ሥራዋን ጨረሰች።

ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ምልክቱ ላይ ገጥሞ ታሰረ። ባል ጋሽ ቀስ በልን አሳፍሮ ዞሮ መጣ። ቋ ማለት የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ! ወደ ውስጥ ሮጦ ገባ።

«ዳነች!» አላት፣ እንደ ልጅ ፊቱ በርቶ። «ምንም አትነቀንቅም። አልጋ በያት!»

«እጅህ ይባረክ» አለችው። ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደክሟት ነው ብሎ ብርድ ልብሱን አልብሷት ወጣ።

በቀጠሮው ቀን ማልደው ተነሱ። መኪናዋ እውነትም ሳትንገጫገጭ ሄደች፤ ሚስት የያዘችው የውሃ ብርጭቆ ጠብታ አላፈሰሰም። እሱ በየጥቂቱ፣ «አየሽ?» ይላል። «አየሁ» ትላለች። መንገዱ ሲጋመስ ዞር ሲል እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። «አመመሽ? ነቀነቀች እንዴ?»

«መኪናዋ ደህና ናት» አለችው። «ምክንያቴን ነው ያዳንክብኝ።»

አልገባውም።

«ያን ቀን በዚህች መኪና አልሄድም ያልኩህ፣ እዚያ ሐኪም ቤት አልሄድም ማለት አቅቶኝ ነው። አንተ ደግሞ መሬት ለመሬት ተንከባለልክ። መርፌዎቹን ስደረድር ልነግርህ አስቤ ነበር። ዓይንህ በዝገት ቀልቷል፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«ሐኪሙ እኮ ለመዳን ትንሽ ነው የቀራት ብሏል!»

«ላንተ ነው እንዲያ ያለው። እኔ ብቻዬን ስጠይቀው፣ ቀን ይጨምርልሽ ይሆናል እንጂ አያድንሽም አለኝ። የሚጨመርልኝን ቀን ደግሞ እያስመለስኩ ነው የምጨርሰው። ቤቴ ውስጥ ልሁን።»

በሩን በርግዶ ወረደ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ተናዷል፤ በማን እንደሆነ ግን አያውቅም። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «እኔስ?» አላት።

ለወትሮው መልስ የማታጣው ሴት እጇን በመስኮቱ አውጥታ ያንን የተላጠ አንጓውን ያዘችው። ከዚያ ገባና መሪውን ወደ ቤት አዞረ።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱን ከሰዓት ከሰዓት እየዘጋ ይዟት ይወጣ ነበር። የትም ሩቅ አይደለም። አንዳንዴ ጨርቅ ተራ ይሄዳሉ፤ ሳትገዛ እየዳሰሰች፣ «ይኼ አንድ እጥበት አይችልም» እያለች ሻጮቹን ታናድዳለች። መድኃኒቱ ሲቀር የረገፈው ፀጉሯ መብቀል ጀመረ፤ የሕፃን ፀጉር መስሎ ለሰለሰ። እሱ የሚቆረጥ ሳይኖረው ማበጠሪያውን አምጥቶ ያበጥርላታል። «ሂሳብ ስንት ነው?» ትለዋለች። «ለደንበኛ ነፃ ነው» ይላታል። ልጃቸው ከምትሠራበት አገር እሑድ እሑድ ስትደውል ሚስት ስልኩን ትነጥቀውና፣ «ሕክምናው ደህና ነው» ትላለች። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት እሱ ኩሽና ሻይ ሲያሞቅ አረፈች። ብርጭቆውን ይዞ ሲገባ አንገቷ ዘንበል ብሏል። የተኛች መስሎት ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ በሳህን ከደነው።

ልጅቱ ለቀብሩ ደረሰች። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ጋሽ ቀስ በልም ወንበሮቹን መልሰው ከሄዱ በኋላ፣ አባቷን ኩሽና ውስጥ አገኘችው።

«ሐኪም ቤቱ ጋ ደውዬ ነበር» አለች። «መምጣት ካቆመች ወራት ሆኗታል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አባዬ፣ ለምን አልወሰድካትም? መኪናው ተበላሽቶ ነው?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። መኪና ይበላሻል፤ ማንም ያምናል።

«መኪናው ደህና ነበር» አላት። «እናትሽ ናት አልሄድም ያለችው።»

«በግድም ቢሆን አትወስዳትም? አንተ እሺ አልካት?»

«እሺ አልኳት።»

«ገደልካት!» አለችው ልጅቱ። እሱ አልተቆጣም፤ ያንኑ ቃል ለራሱ ብዙ ጊዜ ብሎታል። ተነስታ ወደ እናቷ ክፍል ገባች፣ በሩን ዘጋች፤ ልቅሶዋ እስከ ኩሽናው ይሰማው ነበር። ሄዶ ያንኳኳ ይሆን፣ አያንኳኳ፣ አላወቀም። ተነስቶ የተከማቸውን ሰሃን ማጠብ ጀመረ።

ብዙ ቆይታ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። አጠገቡ ቆማ ማድረቂያ ጨርቁን አነሳች።

«መጨረሻ ላይ ተሠቃይታ ነበር?»

ትራሷን የነከሰችባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉት።

«የለም፣ ልጄ» አለ። «እንቅልፍ ነው የወሰዳት።»

አመነችው አላመነችው አላወቀም። የታጠበውን ሰሃን አቀበላት፤ ተቀብላ አደረቀችው።