በጀሶ የቀረ ፊት

ጣሊያን መቱ ከተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት አንድ ባለመነጽር ምሁር መጥቶ የሰው ፊት በጀሶ ይቀዳ ጀመር። «ሮም ትልቅ የሳይንስ አካዳሚ አለ። ሊቃውንቱ የየአገሩን ሕዝብ ፊት ሰብስበው ያጠናሉ» ይላል አስተርጓሚው። ወታደሮቹ ከገበያ ያገኙትን ሁሉ ያሰልፋሉ። ልጄ ዲንቃም ተያዘ። አጋድመው፣ ዓይኑን አስጨፍነው፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ቀሰም ሰክተው ነጩን ጭቃ አፈሰሱበት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ቀሰሞቹን ብቻ አያለሁ፤ ይተነፍስ ይሆን?

ሲነሣ ሳቀብኝ። «አዮ፣ እናቴ፣ አታልቅሺ እንጂ! አልሞትኩም እኮ።»

በዚያው ክረምት ከአርበኞቹ ጋር የሶርን ወንዝ ሲሻገር ውሃው ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። ሬሳ ከሌለ ለቅሶ ላይ የሟቹን ልብስ ይዘን እንቆማለን፤ ዲንቃ ግን ያለችውን አንድ ልብስ ለብሷት ሄዷል። ባዶ እጄን ምን ይዤ ላልቅስ?

የምሁሩን ሳጥኖች ወደ ጎሬ የሚያመላልሰው በቅሎ ነጂው ሱሌማን ነበር። የልጄን የጀሶ ፊት ከሳጥኑ አውጥቶ እንዲሰጠኝ እግሩ ላይ ወደቅኩ።

«እትዬ ኡርጌ፣ ይነሡ በአላህ! ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ በምን ልለየው?»

«ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

አመጣልኝ። በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌው ቆምኩ፤ መንደሩ አለቀሰ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከአባቱ መቃብር አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረ። ላስቀምጠው ጎንበስ ስል አገጩን ዳሰስኩት። ጀሶው የነቀለው ጢም እዚያው ተጣብቋል፤ ሽበት ነው። ዲንቃ ገና ጢም አላወጣም ነበር።

ቢሆንም አስቀመጥኩት። አፈሩ ተመለሰ።

ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ከሁሩሙ ማር ይዞ ገበያ መጣ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? የሚሸጠው ማሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም!»

«አባባ፣ ጀሶ ቀብተውዎት ነበር?»

«ጢሜን ነጭተውት ሄዱ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከክረምቱ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ጋደም ስል አፌን አፈር ይሞላዋል።»

ቤት ገብቼ ዶማ አነሣሁ። በቀን ብርሃን የልጄን መቃብር ስቆፍር ሰዎች አጥሩ ጋ ቆመው፣ «ኡርጌ አበደች» ይላሉ። ፊቱን አወጣሁት። ከአፉ ላይ አፈሩን በጣቴ ጠርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት።

ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። ዲንቃ ሮም፣ ሊቃውንቱ ዘንድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል። ይተንፍስ አይተንፍስ አጠገቡ ቆሞ የሚያይለት የለም።