ተራ የሌለው ጨዋታ

ግራዝማች ወልደ ዮሐንስ ከሞተ ሰው ጋር ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ቋሪት ውስጥ የማያውቅ የለም። የልጅ ልጃቸው እስከዳርም ታውቃለች። ፍኖተ ሰላም ገብታ ኮሌጅ ከጀመረች ወዲህ ያሳፈራት ግን የሟቹ ነገር ሳይሆን የጨዋታው ሕግ ነበር። የወጣቶች ማዕከሉ ውስጥ ቼዝ እችላለሁ ያለውን ወንድ ሁሉ አስቀምጣ ያሸነፈች ልጅ ናት፤ ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ ለእሷ የገበያ ግርግር ነው።

የሰንጠረዥ አጀማመር ግን እንዲያ ነው። ቀይ ጨርቅ ይነጠፋል። ከቀንድ የተጠረቡት ንጉሡና አማካሪው ፈርዝ፣ ፈረሱ፣ ዝሆኑ ፊልና ከዳር የሚቆመው ደር ይደረደራሉ፤ ከፊታቸው መደቅ የሚባሉት እግረኞች ይቆማሉ። ከዚያ ወረራ ነው። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እየፎከሩ፣ እጅ በእጅ ላይ እየተላለፈ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ የማን ተራ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ሲበላ ግን ጸጥ ይባላል። የበላው ስሙን ጠርቶ ይፎክራል፤ ተራውም ወደ ተበላበት ሰው ያልፋል።

የግራዝማችና የቀኛዝማች ዓለምብርሃን ወረራ ከዚህ ደርሶ አያውቅም። ነገሩ የደም ነገር ነው። በጃንሆይ ጊዜ የግራዝማች ታላቅ ወንድም የቀኛዝማችን ወንድም በድንበር ጠብ ገደለ። ሽማግሌዎች ደሙን ሲያደርቁ ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት አስቀምጠው አስማሏቸው፤ በየበዓሉ ትገናኛላችሁ፣ ጠብመንጃ ሳትይዙ ትፎክራላችሁ፣ በሰንጠረዥ ትዋረራላችሁ፣ ግን አትበላሉም። ከሁለታችሁ ቤት አንዱ የሌላውን መደቅ የበላ ዕለት የደረቀው ደም ይረጥባል አሏቸው። ሁለቱ ጠላቶች እንደተባሉት እየፎከሩ አብረው አረጁ፤ ከወንድማማች በላይም ተዋደዱ።

ችግሩ የመጣው ቀኛዝማች በደርግ ጊዜ ታመው ሲሞቱ ነው። ተራ ያለው ጨዋታ ቢሆን የሟቹ ተራ ሲጠበቅ ያበቃ ነበር። ወረራ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ሞቷል ብሎ የሚያቆመውም የለም። ከቀብሩ ማግሥት የቀኛዝማች ፊል ቦታውን ለውጦ ተገኘ። ግራዝማች አይተው የራሳቸውን መደቅ ገፋ አደረጉ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

«ትናንት ቀኛዝማች መጥተው ነበር» ትላለች ቤቱን የምታስተዳድረው አክስቷ ደስታነሽ፣ ጎረቤት ወንፊት ተውሶ እንደሄደ ሁሉ። እስከዳር ግን የገባት ሌላ ነው። አያቷ ራሳቸው አንቀሳቅሰው ራሳቸው ይረሱታል፤ እርጅና ነው፤ ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ቡሬ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለችው አዛናው የቀኛዝማች የልጅ ልጅ ነው። ያ እርቅ ባይኖር ኖሮ እሱና እስከዳር ገና ሳይወለዱ ይጠፋፉ ነበር። እርቁ ኖረና እሱ ባረጀ ኮምፒውተር የዘፈን ምት፣ ቢት የሚሉትን፣ ይሠራል፣ እሷ ራፕ ታወርድበታለች። ሰው የጎጃም ልጅ ሆነሽ ይኼ የፈረንጅ ልፍለፋ ምንሽ ነው ሲላት አዛናው ቀድሟት ይመልሳል። ስምን ጠርቶ መጀመር፣ ባላጋራን በቃል መግደል፣ ሲያልቅ አብሮ ጠላ መጠጣት፤ አያቶቻችን ያደረጉት ይህንኑ አይደለም እንዴ ይላል። እስከዳር ትወደው ነበር። አልነገረችውም፤ ሳትነግረውም የሚያውቅ ይመስላት ነበር።

ለኅዳር ሃያ ዘጠኝ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ የወጣቶች ውድድር ተዘጋጀ። ሌሎቹ ስለ ልማትና ስለ ዕድገት ሲዘፍኑ ሁለቱ የአያቶቻቸውን ወረራ ሊያወጡ ተስማሙ፤ እሷ በግራዝማች በኩል፣ እሱ በቀኛዝማች በኩል። በኅዳር ሚካኤል ቋሪት ወጥታ የአያቷን ፉከራና የጠጠሮቹን ኳኳታ በስልኳ ቀርጻ አመጣችለት። አዛናው ከዚያ ውስጥ አንድ ቢት አወጣ፤ ሲሰማ ጠጉር ያቆማል። ግን አልረካም። ይኼ ቢት ይወጣል ይወጣል፣ አይወድቅም፤ አንድ የመብላት ድምፅ ካልገባበት ሙት ነው አለ። እሷ መሐላውን አነሣችበት። አዛናው ሳቀ። የቀንድ ስባሪ ማንን ይገድላል ሲላት እሷም ዘግይታ ሳቀች።

በጽዮን ማርያም ዕለት ጠዋት ግራዝማችና ደስታነሽ ገበዝ ማርያም ንግሥ ሄዱ። እስከዳር አሞኛል ብላ ቀረች። ሰንጠረዡ ከመስኮቱ ሥር እንደተነጠፈ ነው፤ የስልክ ኔትወርክ የሚገኘውም እዚያው መስኮት ላይ ብቻ ነው። ለአዛናው ደወለች። እሱ ቡሬ ላይ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ የሚቀርጸውን ከፈተ፤ እሷ ስልኩን ከጨርቁ ጫፍ አስቀመጠችው። ቢቱን ከወዲያ ለቀቀላት።

የአያቷን ፈረስ አነሣች። ቀንዱ ይሞቅ ነበር፤ አሁን ከሰው እጅ እንደወጣ ዕቃ። ፀሐይ ነው ብላ ራሷን አጽናናችና ጀመረች፦

«ቋሪት ያበቀለኝ፣ ፍኖተ ሰላም ያሳለኝ፣
እስከዳር ነኝ እኔ፣ ፊቴ የቆመ ያልቻለኝ፤
ዝም ብሎ ለኖረው አፍ ሆኜ መጣሁ፣
ስሜን ጥሩት በሉ፣ እስከዳር በላሁ።»

በላሁ ስትል የቀኛዝማችን መደቅ በፈረሱ መታ አድርጋ አነሣችው። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ውጭ ያሉት ዶሮዎች ግን በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ቢቱ ብቻ ከስልኩ ይሰማል።

«እስከዳር» አለ አዛናው። «አጠገብሽ ያሉት ሽማግሌ ማን ናቸው?»

«ማንም የለም።»

«ስሜን እየጠሩኝ እኮ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ከሩቅ ዘመድ ጋር እንደሚያስተዋውቁት ሰው እፍረት ቢጤ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ቢቱ እየዞረ ቀጠለ፤ እሷ እየደጋገመች ስሙን ጠራች። ብዙ ቆይቶ ስልኩን ያነሣው የጎረቤት ባለሱቅ ነበር። ልጁ ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ፤ ሰውነቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል የለበትም።

ግራዝማች ከንግሥ ሲመለሱ እስከዳር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አያቷ እሷን አላዩም፤ መጀመሪያ ያዩት ጨርቁን ነው። ምን አደረግሽ፣ ለምን አደረግሽ አላሏትም።

«ስምሽን ጠርተሻል?» አሉ።

«ጠርቻለሁ አባባ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ከጎኗ ቁጭ አሉ። የማን ልጅ እንደሞተ ስትነግራቸው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ገዳዩና የተገደለበት ወገን እስኪታወቅ ድረስ ደም ለማንም አይቆጠርም፤ ፎክሮ ስሙን የተናገረ ግን ተቆጠረለት ማለት ነው። ለዚያ ነው መጀመሪያ ስሟን የጠየቋት። አሁን ተራው የቀኛዝማች ነው አሏት። እስከዳር ቼዝ የምታውቅ ልጅ ናትና እንዲያስረዷት አላስፈለገም። የበላችበት ፈረስ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ የቀኛዝማች ፈርዝ ከጎኑ ነው። ልጅ ቢሆን እንኳ ይበላዋል።

ቡሬ ለቅሶው ላይ የአዛናው እናት አቻምየለሽ እስከዳርን አንገቷን አቅፋ፣ ልጄ ሲስቅ የነበረው ካንቺ ጋር ነው እያለች አለቀሰች። እስከዳር መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች ነበር። እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ግራዝማች በትራቸውን ተደግፈው ከወንዶቹ መካከል ተነሡ። ድምፃቸው ከዚያ ከሰለለ ደረት ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

«የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የዓለምብርሃንን ልጅ የበላሁት እኔ ወልደ ዮሐንስ ነኝ። ስሜን ስሙ፤ የሚጠይቀኝ ይምጣ።»

ሰው አንገቱን ደፋ። ጃጁ ተባባለ፤ ሁለት ሰዎች በክብር ይዘው አስቀመጧቸው። አያቷ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ዋሽተው የማያውቁበትን ፉከራ ዋሽተው ስሟን በስማቸው ሊሸፍኑ እንደሞከሩ የገባት እስከዳር ብቻ ነበረች።

ቋሪት ተመልሰው ጠበቁ። ግራዝማች ከሰንጠረዡ ፊት አልነሣ አሉ፤ ምግባቸውን ደስታነሽ እዚያው ታቀርብላቸዋለች። የቀኛዝማች ጦር አልተንቀሳቀሰም። እያሰበ ነው አሉ ግራዝማች፤ ዓለምብርሃን ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል። ማታ ማታ እስከዳር ነገ አልነቃም ብላ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ደረቷን ትዳብሳለች። ሰልስቱ ባለፈ በበነጋው ጠዋት አያቷ በቀስታ ጠሯት።

ፈርዙ ተንቀሳቅሷል። ፈረሷን ግን አልበላም። ከፈረሱ ጎን ተነሥቶ፣ ዘወር ብሎ፣ አንድ ቤት ወደ ኋላ ሄዷል።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። መትረፏን አወቀችና ደስ አላት፤ ወዲያው ያ ደስታ አሳፈራት። ግራዝማች ግን ለቅሶው ቦታ ላይ ያላነቡትን እንባ አሁን አነቡ። የገዛ ንጉሣቸውን አንሥተው መከላከያ ከሌለበት ቦታ፣ ከቀኛዝማች ደር ፊት ለፊት አቆሙት። በማግሥቱ ደሩ ከመንገዱ ዞር ብሎ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ፊላቸውን አቀረቡ፤ አልተነካም። ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ፍኖተ ሰላም መድረክ ላይ የሁለቱ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሲታለፍ እስከዳር ቋሪት ተቀምጣ አያቷ አንድ በአንድ ጦራቸውን ለቀኛዝማች ባዶ ወንበር ሲያቀርቡ ታይ ነበር።

«ሰማይ ቤት እንጨርሰዋለን እያልኩ ነበር ሞትን የምጠብቀው» አሏት አንድ ቀን። «የልጅ ልጁን በልተንበት እሱ ማረን። አሁን ሞቼ በየት ፊቴ ልየው?»

አያቷ ወደ ጨርቁ ጎንበስ ብለው፣ ሰው ቤት ገብቶ እህል አልቀምስም ያለን እንግዳ እንደሚለምን ሰው፣ ባዶውን ወንበር ይለምኑ ጀመር።

«ይብሉ እንጂ ቀኛዝማች» አሉ። «ስለ ወለደችዎ ይብሉ።»

ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም። የአያቷን እጅ ቀስ አድርጋ ከጨርቁ ላይ አነሣችና ፈረሷን ራሷ ገፍታ ፈርዙ በቀላሉ ሊበላው ከሚችልበት ቤት አቆመችው። አባባ ዋሽተውልኝ ነው አለች ለወንበሩ፤ የበላሁት እኔ እስከዳር ነኝ፤ አዛናውን እወደው ነበር፣ ይህንንም ይንገሩልኝ። ግራዝማች አልከለከሏትም።

ጠዋት ስትነሣ ፈርዙ አንድ ቤት ወደ ኋላ ሄዷል። ፈረሷ እንደቆመ ነው፤ ተራውም የእሷ ነበር።