ጊቤን ከተሻገሩ በኋላ

ጀውሃራ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ የልብስ ሱቅ አላት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ግን ሱቋን ለባሏ ለናስረዲን ትታ፣ ሳል ስምንት ወር ያሰቃያቸውን አባቷን ይዛ ስትንከራተት ነው የከረመችው። አባቷ አባቦራ፣ ሸኮ ወረዳ የሚኖሩ የቡና ገበሬ ናቸው። ራጅ ሲነሡ ቀኝ ሳንባቸው ላይ ጥላ ታየ። ሐኪሙ ጀውሃራን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል» አላት።

ጅማ ያገኙት ማሽን አሮጌ ነበር። «ትንፋሽ ይያዙ» በተባሉ ቁጥር፣ ማሽኑ ሳይጨርስ ሳሉ ያጣድፋቸዋል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ የወጣው ምስል ብዥ ያለ ስለነበር ነገሩን የሚለይ ጠፋ።

«በቃ ልጄ፣ አገሬ መልሺኝ» አሉ አባቦራ ኮታቸውን እየለበሱ። «ቤቴ ልሙት።»

ጀውሃራ እሺ አለች። መናኸሪያ ሄዳ የቆረጠችው ትኬት ግን የአዲስ አበባ ነበር። አባቷ የነቁባት አውቶቡሱ ጊቤን ከተሻገረ በኋላ ነው። ተቆጥተው እስከ ወልቂጤ አላናገሯትም።

አዲስ አበባ የተቀበለቻቸው የራጅ ባለሙያ ንጋቷ ትባላለች። አባቦራ ገና ማሽኑን ሲያዩ፣ «አትድከሚ ልጄ፣ እኔ ትንፋሽ መያዝ አልችልም» አሏት።

«እስከ ስንት ይቆጥራሉ አባባ?»

«አምስት። አላህ ካገዘኝ ስድስት።»

«ይበቃናል። የድሮው ማሽን ጨረር መቀበያው አንድ ረድፍ ነው፤ ደረትዎን እንደ ዳቦ አንድ አንድ ቁራጭ እያለ ነው የሚያነሣው። ይሄኛው ስልሳ አራት ረድፍ አለው። በአንዴ ብዙ ያነሣል፤ ቁራጩም ስስ ስለሆነ ትንሽ ነገር አያመልጠውም።»

አባቦራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጀውሃራ ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ አብራቸው ትንፋሿን ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ አልጋው ተንሸራቶ ወጣ።

«መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉ አባቦራ።

«ጨረስን እኮ!»

ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው ሐኪም ጠራቸው። ዕጢ የለም። የሳንባቸው ቧንቧ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ተሰንቅራለች። «የሆነ ነገር ትን ብሎዎት ያውቃል?»

አባቦራ ብዙ አሰቡ። «የቡና መድረቅ በጥርሴ ነው የምሞክረው። አንድ ቀን ስነክስ ጎረቤቴ ታምሩ አሳቀኝና ትን አለኝ። ውኃ ጠጣሁበት፤ ከዚያ ረሳሁት።»

በማግሥቱ በአፋቸው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ወጣችላቸው፤ ግማሽ የቡና ፍሬ። ሐኪሙ በብልቃጥ አድርጎ ሲያሳያቸው ጀውሃራ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

አባቷ ጎናቸው አስቀምጠው ትከሻዋን ያዙ። «አውቶቡስ ውስጥ የተቆጣሁሽን አውፍ በይኝ» አሏት። «አሁን ስልኩን ደውይልኝ፤ ለእናትሽ ራሴ ልንገራት።»