ምራቴ ሸጊቱ

ወይዘሮ ገበያነሽ ያን ዕለት ጠዋት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ወሬያቸው አላልቅ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ለምን እንደሚሄዱ አውቋል። ልጃቸው ሙሌ በሞያሌ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ አንዲት ኬንያዊት አግኝቶ፣ አግብቶ፣ ይዟት አገሩ ገባ። አሁን የያዘችው ጊዜያዊ ፈቃድ ሊያበቃ ስለሆነ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አመልክታለች። ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ሙሌን ትናንት አነጋግሯል፤ ዛሬ ተራው የአማቲቱ ነው። እሱ ካላመነ ምራቲቱ ወደ አገሯ መመለሷ ነው።

ምራቲቱ አጠገባቸው ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ወይዘሮ ገበያነሽ ግን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ደስ ብሏቸዋል። ስለ ምራታቸው ከእሳቸው የተሻለ ማን ሊመሰክር ነው? ሙሌም ሠርጉ መቼ እንደነበረ፣ አገሯ ወዴት እንደሆነ፣ ሁሉንም ሲያስጠናቸው ሰንብቷል።

ቢሮ ሲገቡ አጣሪው፣ ባርናባስ የሚባል ወጣት፣ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው። ምራቲቱ ግቢ ቀረች።

«እማማ፣ የምራትዎ ስም ማን ነው?»

«ሸጊቱ።»

ባርናባስ ፓስፖርቱን ገለጠ፣ ዘጋ፣ እንደገና ገለጠ። «እዚህ ላይ ያለው ሌላ ስም ነው።»

«ሸጊቱ ነው እንጂ ልጄ፣ ምን ሌላ አላት?»

«እማማ፣ ለወረቀት ብቻ የሚጋቡ ሰዎች አሉ። እርስዎ የልጅዎን ሚስት ስም ካላወቁ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወይዘሮ ገበያነሽ ክው አሉ። በእነሱ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡም ጎረቤቱም በዚያ ነው የሚጠራት። ይዛው የመጣችውን ስም በገባች ዕለት አንዴ ሰምተውት ነበር፤ በዚያው ጠፋቸው። ሙሌም ራሱ ሸጊቱ ሲል ስለከረመ ይህን ማስጠናት ትዝ አላለውም። አሁን ያ ሁሉ ጉራ የት ይግባ? ምራታቸውን በገዛ አፋቸው ከአገር ሊያስወጧት ነው።

«ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አሉ። «ሐሰት ከመሰለህ እዚሁ ቁጭ ብለህ ስማ።»

ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት። ግቢው ባለጉዳይ ሞልቶታል። ብርዱ ስለጠና ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ተከናንቦ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቷል፤ ማን የማን ምራት እንደሆነች አይለይም። ወይዘሮ ገበያነሽ ከገብሱ ማሳ ማዶ ለምሳ ሲጠሯት እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ኧረ ሸጊቱ ሆይ!»

«አቤት እማዬ፣ መጣሁ!»

አንዲት ሴት ከግቢው ጥግ ተነሥታ፣ የተቀመጠውን ሰው እግር እየዘለለች፣ መስኮቱ ሥር ደረሰች። «ምነው፣ አመመዎት?» አለች እያለከለከች።

ባርናባስ ፊቷን አየ፣ የፓስፖርቱን ፎቶ አየ፣ ሳቁ አመለጠው።

«በእኔ በኩል አለቀ፣ እማማ። ፈቃዷ ይወጣል። ይዛው የመጣችው ስም ግን ዋምቡይ ነው፤ እሱንም ይያዙት።»

ወይዘሮ ገበያነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ቢሮ መሆኑ ትዝ ሲላቸው በነጠላቸው አፈኑት። ግቢ ሲደርሱ ግን አላስቻላቸውም። አገሩን በእልልታ አቀለጡት፤ ባለጉዳዩም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀበላቸው።

ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ ስሙን አፋቸው ላይ ሞከሩት። «ዋምቡይ» አሉ ቀስ ብለው።

ምራቲቱ ባለችበት ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ማን ነው ያወጣልሽ?»

«የአባቴ እናት ስም ነው፣ እማዬ። በእኛ አገር የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የምትወስደው የአባቷን እናት ስም ነው።»

«ደግ ሥርዓት ነው» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ግን ነገሩ ገባቸውና ቀጥ አሉ። የሙሌ እናት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ዞረው ምራታቸውን አዩ። ምራቲቱ እጇን በነጠላዋ ሥር ሆዷ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላለች።

«ሴት ከሆነች ነው» አለች።